ኮሌስትሮል በጾምና በፍስክ ወራት

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አንኮበር የሚኖሩትን አጎቴን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። አጎቴ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ገበሬ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ደረታቸውን ጨምድዶ ስለ ያዛቸው ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደው በአንድ የሕክምና ቤት ተመረመሩ። የልብ ደም ሥራቸው መጥበቡ፥ በደማቸውም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከልክ ማለፉ ተነገራቸውና በየማታው የሚዋጥ ሲምቫስታቲን የሚባል ክኒን ታዞላቸው ተመለሱ። ክኒኑን የሰጣቸው ሰው «ማታ ማታ አንድ አንድ ይዋጡ» ከማለት በቀር ምን እንደሚሠራ አልገለጸላቸውም። እኔ በደረስኩበት ማታ አጎቴ የክኒኑን ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ሲያስቀምጡ አየሁና፥ «ጋሼ፥ ምነው፥ ክኒኑን ተዉት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እስከ ፋሲካ ነው የምተወው። ሥጋውን፥ ቅቤውን፥ እንቁላሉንም ሃምሳ አምስት ቀን ካልቀመስኩ ያ የምትሉት ነገር ከወዴት ይመጣል ልጄ?» አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሰውነታችንን አሠራር ጠልቆ የሚነካ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ኮሌስትሮል የተማርኩት ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከእንስሳት ምግብ የሚገኝ ስብ መሆኑንና ሲበዛ የደም ሥር መዝጋቱን ነው። የአጎቴም ሐሳብ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ስለዚህ በዚያ ማታ የሰጠኋቸው መልስ እሳቸውንም እኔንም ሳያረካ ቀረ። ወደ ኮሌጅ ከተመለስኩ በኋላ መጻሕፍት አገላብጬ፥ መምህራንንም ጠይቄ የደረስኩበትን ከዚህ ቀጥዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ኮሌስትሮል ሰም የመሰለ ነጭና ጠጣር ነገር ነው። ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተውጣጣ ሲሆን አንደኛው ሐሞት፥ ሁለተኛው ጠጣር ማለት ነው፤ ሊቃውንት በመጀመሪያ ያገኙት በ18ኛው ምእተ ዓመት ከሐሞት ጠጠር ውስጥ ነበርና። አንዱ ሞለኪውል 27 የካርቦን አቶሞች ሲኖሩት፥ ከእነዚህ የሚበዙት እርስ በርሳቸው ተያይዘው አራት ቀለበቶች ሠርተዋል። እነዚህን አራት ቀለበቶች አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኮሌስትሮል ከሰውነት ስለሚወገድበት መንገድ ስናነሣ እንመለስባቸዋለን።

ስሙ በክፉ ይነሣ እንጂ ያለ ኮሌስትሮል ሰው ሊኖር አይችልም። እያንዳንዱን ሕዋስ የከበበው ስስ ሽፋን እጅግ ሳይላላ፥ እጅግም ሳይደርቅ የሚቆየው በእርሱ ነው። የወንድና የሴት ሆርሞኖች፥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲዞልም ከእርሱ ይሠራሉ። የአንጎላችን ክብደት ከመላው አካላችን ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ከኮሌስትሮላችን ግን አንድ አራተኛው ገደማ የሚገኘው በአንጎል ውስጥ ነው፤ ያንንም ከደም ሳይቀበል ራሱ ይሠራዋል። እናቶቻችን ሕፃን ልጅ ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ሲያሞቁ የተመለከተ ሰው ጥቅሙ የቅቤው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በሕፃኑ ቆዳ ውስጥ የኮሌስትሮል የቅርብ ዘመድ የሆነ ነገር አለ፤ የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት አንዱ ቀለበት ይከፈትና አጥንት ወደሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ ወደሚባለው ይለወጣል። ቅቤው ለቆዳው ልስላሴ ነው።

እንግዲህ ወደ አጎቴ ጥያቄ እንመለስ። ከወዴት ይመጣል?

አጭሩ መልስ ከእንጀራው ይመጣል የሚል ነው። ኮሌስትሮል የሚሠራው አሴቲል ኮኤ ከሚባል፥ ሁለት ካርቦን ብቻ ካለው ትንሽ ቁራጭ ነው። ይህ ቁራጭ ከእንጀራው ስታርች፥ ከኑጉ ዘይት፥ ከሽሮውም ሳይቀር ምግባችን በሰውነት ውስጥ ሲፈራርስ በየደቂቃው የሚወጣ ነገር ነው። ይህን በማስረጃ ካሳዩት ሊቃውንት ዋናው ኮንራድ ብሎክ ነበር። ብሎክና የሥራ ጓደኞቹ ከባድ ካርቦን እንደ ምልክት የገባበት አሴቴት፥ ማለትም ከኮምጣጤ አሲድ ጋር አንድ የሆነ ነገር፥ ለአይጦች ሰጥተው ምልክቱ በኮሌስትሮሉ ውስጥ የት የት እንዳረፈ ተከታተሉ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ሃያ ሰባቱም ካርቦኖች ከአሴቴት የመጡ ሲሆኑ፥ 15ቱ ከቁራጩ አንደኛ ጫፍ፥ 12ቱ ደግሞ ከሁለተኛው ጫፍ ነበሩ። ከአሴቴት በቀር ሌላ ምንም ጥሬ ዕቃ አልገባበትም። ብሎክ በዚሁ ሥራው ከጀርመናዊው ፌዮዶር ሊነን ጋር በ1964 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎአል።

ሥራው ሠላሳ ያህል ደረጃዎች አሉት፤ ሁሉንም እዚህ መዘርዘር ግን አንባቢን ማሰልቸት ነው። ሦስት የአሴቲል ቁራጮች ተጋጥመው ኤች ኤም ጂ ኮኤ የሚባለው ይሠራል፤ ይህም ወደ መቫሎኔት ይለወጣል። ከዚያ ባለ አምስት ካርቦን ጡቦች ይዘጋጃሉ። ስድስት ጡቦች ሲቀጣጠሉ ባለ 30 ካርቦን ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ይህ ሰንሰለት ስኳሊን ይባላል፤ በሻርክ ዓሣ ጉበት ውስጥ በብዛት ይገኛል። በመጨረሻም ሰንሰለቱ ተጣጥፎ አራቱን ቀለበቶች ይሠራል፤ ሦስት ካርቦን ከላዩ ይነሣለትና 27 ይቀራል። ከእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች አንዱን ብቻ አንባቢ እንዲያስታውስ እለምናለሁ፤ ይኸውም ኤች ኤም ጂ ኮኤ ወደ መቫሎኔት የሚለወጥበት ነው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ኤች ኤም ጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ ይባላል። የመላው ሥራ ፍጥነት የሚወሰነው በዚህ ኢንዛይም ነው፤ የአጎቴም ክኒን የሚውለው እዚሁ ላይ ነው።

ኒውክሊየስ ያለው ማናቸውም የሰውነት ሕዋስ ኮሌስትሮል ሊሠራ ይችላል፤ የሌሎቹን ፍላጎት በማስተካከል ዋና ሆኖ የሚሠራው ግን ጉበት ነው። የአንድ ጐልማሳ ሰው አካል በቀን ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ኮሌስትሮል ይሠራል። በፍስክ ወራት ከምግብ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከዚህ እኩሌታ አይሞላም፤ አንድ እንቁላል ያለው 200 ሚሊግራም ገደማ ነውና። ከምግቡም ውስጥ አንጀት ተቀብሎ የሚያሳልፈው ግማሹን ያህል ነው። ስለዚህ ሥጋና ቅቤ የተወ ሰው የዘጋው ትንሹን በር ነው ማለት ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። ትንሹ በር ሲዘጋ ትልቁ ይከፈታል። ሕዋስ የኮሌስትሮሉን መጠን የሚለካበት ብልሃት አለው፤ እኔ ከተማርኩት የሕይወት ሳይንስ ሁሉ ይህን ያህል የገረመኝ የለም። በሕዋሱ ውስጥ ባለ አንድ ሽፋን ላይ ኤስ አር ኢ ቢ ፒ የተባለ ፕሮቲን ታስሮ ይቀመጣል። በሽፋኑ ውስጥ ኮሌስትሮል ሲበቃ ኢንሲግ የተባለ ሌላ ፕሮቲን አጥብቆ ይይዘዋል። ኮሌስትሮል ሲጐድል ግን ኢንሲግ ይለቀዋል፤ አጃቢው ስካፕ ወደ ሌላ ክፍል ያደርሰዋል፤ እዚያም በሁለት ቢላ ይቆረጥና የተቆረጠው ክፍል ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። የሚቀሰቅሳቸው ጂኖች ሁለት ነገር ያስደርጋሉ። አንደኛው ሪዳክቴዙን አብዝቶ ሥራውን ያፋጥናል። ሁለተኛው ሕዋሱ በደም ከሚያልፈው ኮሌስትሮል ይዞ እንዲያስገባ በቆዳው ላይ ተቀባዮችን ያበዛል። ጎተራዋ የጐደለባት ባለቤት እርሻውን እንዲበረታ ባሏን ስታሳስብ፥ እግረ መንገዷንም ገበያ ሰው እንደምትልክ ማለት ነው። ጎተራው ሲሞላ ደግሞ ሁለቱም ይቀራሉ፤ እንዲያውም ያለው ሪዳክቴዝ ራሱ ተሰባብሮ እንዲወገድ ይደረጋል።

ይህን ለአጎቴ በደብረ ዘይት ሰንበት ተመልሼ ሄጄ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፥ «ታዲያ ጉበት ጾም አያውቅም በለኛ!» አሉ። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እስካሁን አላገኘሁም።

ነገር ግን አጎቴ በግማሽ ትክክል ነበሩ፤ ይህንም መደበቅ አይገባም። ጾም በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል በእርግጥ ይቀንሳል። ከቀርጤስ ደሴት በ2003 የወጣ አንድ ጥናት የኦርቶዶክስን አጽዋማት የሚጾሙ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፥ በአጽዋማቱ መጨረሻ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከማይጾሙት ጋር ሲተያይ ከመቶ 12 ያህል ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል መቅረቱ ብቻ አይደለም። የበለጠው ምክንያት ቅቤና ላት ውስጥ የሚገኘው ጠጣር ስብ መቅረቱ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ስብ ሲበዛ ጉበት ተቀባዮቹን ይቀንሳልና ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ሲዞር ይቀራል። በተጨማሪም በኑግ፥ በሱፍ፥ በሰሊጥና በጥራጥሬ ውስጥ የኮሌስትሮል መልክ ያላቸው የዕፅዋት ስቴሮሎች አሉ፤ እነዚህ በአንጀት በር ላይ ከኮሌስትሮል ጋር ይጋፋሉ። አንጀት እነርሱን መልሶ ያስወጣቸዋል፤ እስከዚያው ግን የኮሌስትሮሉን ቦታ ይይዙበታል። ስለዚህ ጾም ይቀንሳል፤ የልብ ደም ሥሩ ለጠበበ ሰው ግን ከመቶ 12 ቅናሽ ብቻውን አይበቃም። ፋሲካም ይመጣል።

አሁን ስለ ጉዞው ጥቂት ላውራ። ቅቤ በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ኮሌስትሮልም በደም ውስጥ ሊሟሟ አይችልም፤ ስለዚህ ጫኝ ያስፈልገዋል። አንኮበር የተወለደ ሰው ስለ ጭነት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። በ19ኛው ምእተ ዓመት ከአፋር ቆላ ጨው የጫነው ግመል እስከ አልዩ አምባ ገበያ ይመጣና ዳገቱን ስለማይችለው ጭነቱ በአህያና በበቅሎ ተደርጎ ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ሰውነታችንም እንደ መንገዱ ጫኙን ይለዋውጣል። ጫኞቹ ሊፖፕሮቲን የሚባሉ ናቸው፤ ውጫቸው ውሃ የሚወድ፥ ውስጣቸው ስብ የያዘ ኳሶች ናቸው። ከአንጀት የሚነሣው ትልቁ ካይሎማይክሮን ይባላል። ይህም በቀጥታ ወደ ጉበት አይሄድም፤ በሊምፍ ቧንቧ ተጉዞ ደረት ላይ ከደም ይቀላቀላል፤ ስቡን ለጡንቻና ለሞራ አራግፎ የቀረውን ከነኮሌስትሮሉ ለጉበት ያስረክባል። ጉበት ደግሞ በበኩሉ ቪ ኤል ዲ ኤል የሚባለውን ጭኖ ወደ ደም ይልካል። ይህ በየመንገዱ ስቡን እያራገፈ ይቀንስና በመጨረሻ ኮሌስትሮል የሞላበት ትንሽ ኳስ ይሆናል፤ ስሙም ኤል ዲ ኤል ነው። ጉበት በተቀባዮቹ ይዞ ካላስገባው ለቀናት በደም ውስጥ ይዞራል።

ሰዎች «መጥፎ ኮሌስትሮል» እና «ጥሩ ኮሌስትሮል» ሲሉ እሰማለሁ። አነጋገሩ ለማስታወስ ይመቻል፤ ግን አሳሳች ነው። ኮሌስትሮሉ አንድ ነው፤ የሚለያየው ጫኙ ነው። ኤል ዲ ኤል ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ እዚያም ይበላሻል፤ ጠራጊ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡትና ጠግበው አረፋ የመሰሉ ይሆናሉ፤ ከዓመታት በኋላ በዚያ ቦታ እባጭ ይሠራል፤ እባጩ ሲፈነዳ ደም ይረጋበትና ቧንቧው ይዘጋል። ኤች ዲ ኤል የሚባለው ጫኝ ግን የተረፈውን ከየሕዋሱ ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል።

በአገራችን በ2015 በተደረገው ብሔራዊ የጤና ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከ190 ሚሊግራም በላይ የሆነ ጐልማሶች ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ ኤች ዲ ኤላቸው ዝቅ ያለው ግን ከመቶ ስድሳ ስምንት በላይ ነበሩ። ይህን ቁጥር አይቶ «ኤች ዲ ኤልን በመድኃኒት እናብዛ» ማለት ቀላል ነው። ሆኖም ኤች ዲ ኤልን የሚያበዙ መድኃኒቶች ተሠርተው ሲሞከሩ እንደታሰበው ልብን አላዳኑም፤ ቶርሴትራፒብ የተባለውማ ይጠቅማል ሲሉት ሞት ስላበዛ ሙከራው በ2006 ተቋርጦአል። የጫኙ ቁጥር መብዛትና ሥራው መሠራቱ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ እንማራለን።

የተቀባዮቹ ታሪክ የተጀመረው በሁለት ሕፃናት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት ወጣት አሜሪካውያን ሐኪሞች፥ ደማቸው ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከሌላው ሰው ብዙ እጥፍ የሆነ፥ በሕፃንነታቸው የልብ ሕመም የያዛቸው አንድ ወንድምና እኅት አዩ። ሕፃናቱ ቅቤ አብዝተው የበሉ አልነበሩም። ሁለቱ ሐኪሞች በኋላ በዳላስ ከተማ ባደረጉት ምርምር እንዲህ ያሉ ሕፃናት ሕዋሶቻቸው ኤል ዲ ኤልን የሚይዙበት ተቀባይ እንደሌላቸው ወይም ያለው እንደማይሠራ ደረሱበት። ለዚህ ሥራ በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶአቸዋል። ሌላም አለ። ፒ ሲ ኤስ ኬ 9 የተባለ ፕሮቲን ተቀባዮቹን እየያዘ እንዲሰባበሩ ያደርጋል። በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከአፍሪካ ዘር ከሆኑት ተሳታፊዎች ከመቶ 2.6 ያህሉ ይህ ፕሮቲን የሚሠራበት ጂን ከልደት ጀምሮ የተበላሸባቸው መሆናቸውን አሳየ። ብልሽቱ ግን በረከት ሆኖላቸዋል፤ ኤል ዲ ኤላቸው ከመቶ 28 ያነሰ ሲሆን፥ የልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 88 ያነሰ ሆኖ ተገኝቶአል። ከዚህ ዕውቀት ተነሥቶ ዛሬ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ተሠርቶአል፤ ዋጋው ግን ለአንኮበር ገበሬ የሚቀመስ አይደለም።

አሁን ወደ ክኒኑ እንመጣለን። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ሻጋታዎች ጠላቶቻቸውን ለመከላከል ሪዳክቴዙን የሚያግድ ነገር ሳይሠሩ አይቀሩም ብሎ ገምቶ ከ6,000 በላይ ዓይነት መረመረ። በ1973 የፈለገውን አገኘ፤ ሻጋታውም ኪዮቶ ከተማ ከአንድ የእህል ሱቅ ሩዝ ላይ የተገኘ ነበር። ከሌላ ሻጋታ የተሠራው ሎቫስታቲን በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ አጎቴ የሚውጡት ሲምቫስታቲን ደግሞ የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሪዳክቴዙ ሲታገድ በጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል ይጐድላል፤ ያ የታሰረው ኤስ አር ኢ ቢ ፒ ይፈታል፤ ጉበትም ተቀባዮቹን አብዝቶ ኤል ዲ ኤሉን ከደም ይስባል። ክኒኑ ደሙን የሚያጠራው ራሱ ጠርጎ ሳይሆን ጉበትን አስርቦ ነው።

ጾሙ ከምግብ የሚገባውን ሲያስቀር ጉበት የራሱን ሥራ ያበረታል ብለን ነበር፤ ክኒኑ የሚያግደው ደግሞ ይህንኑ ሥራ ነው። ስለዚህ አጎቴ ክኒኑን ሣጥን ውስጥ የቆለፉት ሥራ ባገኘበት ወር ነበር። ጾሙንም አይነካባቸውም። ሲምቫስታቲን ማታ እንዲዋጥ የሚታዘዘው ጉበት ኮሌስትሮል አብዝቶ የሚሠራው በሌሊት ስለሆነና መድኃኒቱም በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለማይቆይ ነው፤ ማታ ደግሞ ጾመኛ ሁሉ እህል ቀምሶአል። ይህን ለማስረዳት የክኒኑ ሰጪ አምስት ደቂቃ ይበቃው ነበር። አጎቴ ግን አንድ ወር ያህል ያለ መድኃኒት ከረሙ።

የቀረው ስለ መወገዱ ነው። እነዚያን አራት ቀለበቶች እዚህ ላይ እናነሣለን። ሰውነታችን ስኳርንና ስብን አቃጥሎ ወደ አየርና ወደ ውሃ ሲለውጥ፥ አራቱን ቀለበቶች የሚሰብር ኢንዛይም ግን የለውም። ሠላሳ ደረጃ ተጉዞ የሠራውን መልሶ ሊያፈርሰው አይችልም። እንዳለ ማስወጣት ብቻ ነው ያለው፤ ዋናው መውጫም አንድ ነው፤ እርሱም ሐሞት ነው።

በግ ሲታረድ ያየ ሰው ከጉበቱ ሥር ያለችውን አረንጓዴ ከረጢት አራጁ እንዴት ተጠንቅቆ እንደሚለያት ያውቃል፤ ብትፈስ ጉበቱን ታመርራለች። አማርኛችን ሐሞትን የድፍረት ማደሪያ አድርጎታል፤ ፈሪውንም «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንለዋለን። በፊዚዮሎጂ ረገድ ግን ሐሞት የጉበት ቆሻሻ ማውጫና የስብ ማሟሚያ ሳሙና ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን በሁለት መልክ ወደ ሐሞት ያወጣዋል። አንደኛው እንዳለ ሲሆን፥ በቀን ወደ አንድ ግራም ይጠጋል። ሁለተኛው የሐሞት አሲድ አድርጎ ለውጦ ነው፤ ይህ ቀለበቶቹን ሳይሰብር በላያቸው ውሃ የሚወድ ነገር በመጨመር የሚደረግ ነው። የሐሞት አሲድ በአንጀት ውስጥ ዘይቱንና ቅቤውን እንደ ሳሙና ፈትቶ እንዲፈጭ ያደርጋል። በሐሞት ውስጥ ከሚሟሟው በላይ ኮሌስትሮል ሲበዛ ግን ይረጋና ጠጠር ይሆናል፤ ስሙ የተነሣውም ከዚሁ ነው።

ሆኖም ሰውነታችን ቆጣቢ ነው። ሥራውን የጨረሰው የሐሞት አሲድ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ከመቶ 95 ያህሉ ተመልሶ ይሰበሰብና በደም ወደ ጉበት ይመለሳል። ያው ጥቂት ግራም በቀን ብዙ ጊዜ ይዞራል። የሚያመልጠውና ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው በቀን ግማሽ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ጉበት ይህንን የጐደለውን ለመተካት ከኮሌስትሮሉ አዲስ የሐሞት አሲድ ይሠራል። እንግዲህ ከሐሞት አሲዱ ብዙ እንዲያመልጥ የሚያደርግ ነገር ቢገኝ ጉበት ብዙ ኮሌስትሮል ያወጣል፤ ያንንም ለማግኘት ተቀባዮቹን አብዝቶ ከደም ይስባል።

እንዲህ ያለው ነገር ደጃችን ላይ ይበቅላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ከመንዝ እስከ አንኮበር ጫፍ ድረስ የደገኛው ዋና እህል ገብስ ነው። የገብስ አጥሚት የሚዝለገለግበት ምክንያት ቤታ ግሉካን የተባለ፥ በውሃ የሚሟሟ የአሰር ዓይነት ስላለው ነው። ይህ አሰር በአንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ወፍሮ የሐሞት አሲዱን ከውስጡ ይይዝና ይዞት ይወጣል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤል ዲ ኤልን በጥቂቱ እንደሚቀንስ በብዙ ሙከራ ታይቶአል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ከ2005 ወዲህ ይህ ጥቅም በገብስ ምግቦች ላይ እንዲጻፍ ፈቅዶአል። ከ100 ግራም ገብስ በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ግራም ስለሚገኝ አንድ ሳሕን የገብስ ገንፎ ወይም ቅንጬ ከልኩ አያንስም። በፍስክ ገንፎው መካከል ቅቤ ይፈሳል፤ በጾም ግን ተልባ ወይም ዘይት ይተካበታልና ገብሱ ያለ ተቃዋሚ ይሠራል። የጾሙ ወር ከሚያደርገው በጎ ነገር አንዱ ድርሻ የገብሱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ ይህ የኔ ግምት ነው።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ጠላውም ገብስ ነው» አሉ። ብቅል ሲበቅል የገብሱ የራሱ ኢንዛይም ቤታ ግሉካኑን እየሰባበረ እንደሚጨርሰው፥ ጌሾውም እንደማይመልሰው ነገርኳቸው። ብልቃጡን ከሣጥን አውጥተው ከራስጌያቸው ካለው መደርደሪያ ላይ አኖሩት፤ በዚያው ማታ አንድ ዋጡ። ስለ ጠላው ግን እስካሁን አልተስማማንም።